የዘይት ቋት ከተቀየረ በኋላ ዲፕስቲኩን ወይስ ሊትሩን እንመን?

ጠያቂያችን የባሕር ዳር ነዋሪና የቶዮታ ቪትዝ ባለቤት ናቸው። ሞተሩ ባለ 1300 ሲሲው 2ኤንዜድ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ ሲጓዙ መኪናቸውን ከሥር ድንጋይ መትቶት የዘይት ቋቱ፣ በተለምዶ ኦይል ፓን የሚባለው፣ ተጎድቶ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ኦሪጅናሉን ፈልገው ስላጡም በሌላ አምራች የተሠራ ገዝተው አስገጠሙ። ፊልትሮው አብሮ ተቀይሮ ለዚህ ሞተር የተወሰነው 3.7 ሊትር ዘይት ሲጨመር ግን ንባቡ ከዲፕስቲኩ፣ ማለትም ከዘይት መለኪያው ዘንግ፣ የላይኛው ምልክት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ተገኘ። አንድ መካኒክ «ትርፉን አፍስሰን እንገላገል» ይላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «መጽሐፉ 3.7 ካለ 3.7 ነው፣ አይንኩት» ይላቸዋል። በዚያ ላይ ጠዋት የሚያነቡትና ማታ የሚያነቡት አይገጥምም። የትኛውን እንደሚያምኑና እንዴት በትክክል እንደሚለኩ ጠይቀዋል።

መልሴን አስቀድሜ ልስጥና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። ዲፕስቲኩ ከሞተሩ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነና በመቀመጫው ላይ በትክክል ካረፈ፣ ከሊትሩ ቁጥር ይልቅ እርሱ ይታመናል፤ 3.7 ሊትር የሚለው መጠን የተወሰነው ለፋብሪካው ቋት እንጂ አሁን ለተገጠመው አይደለምና። ይሁን እንጂ ትርፉን አፍስሶ መገላገል በሚለውም አልስማማም። ትርፉ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ዘይት መቀነስ ከላይ የሚታየውን ችግር ያስወግድ ይሆናል፤ ከቋቱ ወለል ላይ ሊኖር የሚችለውን ችግር ግን ሸፍኖ ያልፈዋል።

ዲፕስቲክ የሚለካው የዘይቱን ብዛት ሳይሆን በቋቱ ውስጥ የቆመበትን ከፍታ ነው። ይህ ከፍታ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ከላይ የሚሽከረከረው ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ አለ፤ ዘይቱ ወደ እርሱ ከተጠጋ የክራንክ ሻፍቱ ክብደቶች እየመቱት ከአየር ጋር ያደባልቁታል፣ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ፓምፑ ቢገፋውም ብሮንዚኖቹን፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርባቸውን ማረፊያዎች፣ በሚገባ አይሸከምም። ከታች የፓምፑ መምጠጫ ወንፊት አለ፤ ዘይቱ ካነሰ መኪናው ፍሬን ሲይዝ፣ ሲታጠፍ ወይም ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ወንፊቱ አየር ይስባል። የዲፕስቲኩ ሁለት ምልክቶች በእነዚህ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለውን ደኅና ቦታ ያሳያሉ። ቋቱ ጠባብ ሆነ ሰፊ፣ ክራንክ ሻፍቱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ የላይኛው ምልክት ከፍታ መለወጥ የለበትም፤ የሚለወጠው እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው የዘይት መጠን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቀላሉን ነገር ያጣሩ። በገበያችን በብዛት የሚገኘው የዘይት ጀሪካን 4 ሊትር የሚይዝ ነው። መካኒኩ «3.7 ጨምሬያለሁ» ሲል በመለኪያ ለክቶ ነው ወይስ ጀሪካኑን ሙሉ ገልብጦ? ሙሉው ከተገለበጠ 0.3 ሊትር ትርፍ አለ። ፊልትሮውም በእርግጥ መቀየሩን ይጠይቁ፤ ይህ ሞተር ፊልትሮው ሳይቀየር የሚወስደው 3.4 ሊትር ስለሆነ፣ ዘይት የጠጣ አሮጌ ፊልትሮ በቦታው ቀርቶ 3.7 ከተጨመረ ልዩነቱ ያው 0.3 ሊትር ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስንት ዘይት እንደሆነ ለመገመት፣ የዘይቱ ገጽ 30 በ25 ሳንቲ ሜትር የሚሆንበትን ቋት እንውሰድ፤ በእንዲህ ያለ ቋት አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ 75 ሚሊ ሊትር ነው፣ 5 ሚሊ ሜትር ደግሞ 375 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የእርስዎ ትርፍ በሙሉ ከጀሪካን አገላበጥ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ቋት ከመውቀስ በፊት ይህ መጣራት አለበት።

ቀጥሎ የዲፕስቲኩን ቱቦ ይመልከቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ቱቦው የሚተከለው በሞተሩ አካል ላይ ነው፤ በሌሎች በራሱ በቋቱ ላይ ነው። በሞተሩ አካል ላይ ከተተከለ ቋቱ መቀየሩ ምልክቶቹን አያንቀሳቅሳቸውም። በቋቱ ላይ ከተተከለ ግን የአዲሱ ቋት ቀዳዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የተሠራ እንደሆነ ምልክቶቹ አብረው ይዛነፋሉ። ቱቦው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ከፍ ብሎ ከቀረ ዲፕስቲኩም ከፍ ስለሚል ንባቡ ከእውነቱ ያንሳል፤ ቱቦው ተቆርጦ ወይም ከልክ በላይ ጠልቆ ከሆነ ንባቡ ከእውነቱ ይበልጣል። ዲፕስቲኩ ራሱ ጠፍቶ ከሌላ ሞተር የተወሰደ ከሆነ ደግሞ፣ ርዝመቱ ተመሳስሎ ቢታይዎ እንኳ ምልክቶቹን አይመኑ። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር ነው።

አሁን ወደ አለካኩ ልምጣ፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ ሰው መኪናውን የትም አቁሞ መለካት የሚችል ይመስለዋል። ነገር ግን አስፋልቱ የዝናብ ውኃ ወደ ቦይ እንዲወርድ ከመሐል ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፤ የነዳጅ ማደያ ግቢም እንዲሁ፤ የኮብልስቶን መንገድ ደግሞ በየቦታው ሰምጧል። መኪናው በ3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘቅዝቅና ዲፕስቲኩ ከቋቱ መሐል በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢወርድ፣ ንባቡ በ8 ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፋል፤ ይህም እርስዎን ካሳሰበዎት ትርፍ ይበልጣል። ስለዚህ የግንበኛ ውኃ ልክ ይዋሱና በበሩ ደፍ ላይ አንዴ በቁመት፣ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ከፍታ በሚያገናኝ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ደግሞ አንዴ በአግድም አኑረው ይዩ። የፊት ጎማዎቹ ነፋስ እኩል ካልሆነም መኪናው ወደ አንድ ጎን ይተኛልና አስቀድሞ ይስተካከል። በክሪክ ላይ የቆመ መኪና ፈጽሞ አይለካም።

ሞተሩን አሙቁትና አጥፍተው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወፍራሙን 20ደብሊው 50 የሚጠቀሙ ከሆነ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ወደ ቋቱ ለመውረድ ስለሚዘገይ 10 ደቂቃ ቢሆን ይሻላል። ዲፕስቲኩን ያውጡ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ወይም በሶፍት ይጥረጉት፣ እጀታው መቀመጫውን እስኪነካ ያስገቡት፣ ከዚያ በአንድ እንቅስቃሴ ያውጡት። የመጀመሪያውን ንባብ አይቁጠሩ፤ የቱቦው ግድግዳ በዘይት ስለሚርስ ዲፕስቲኩን ከላይ ሳይቀር ይቀባዋል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይያዙ። ሁለቱንም ገጽ ይመልከቱ፤ አንዱ ገጽ ከሌላው ከፍ ካለ ቱቦው የቀባው ነውና ዝቅተኛው ይወሰዳል። አዲስ ዘይት እንደ ማር ብሩህ ስለሆነ ዳርቻውን ዐይን በቀላሉ አይለየውም። እንዲህ ሲሆን ዲፕስቲኩን በንጹሕ ሶፍት ላይ በእርጋታ ያሳርፉት፤ ሶፍቱ ዘይቱ እስከ ደረሰበት ድረስ ይጠጣና ጠርዙ ከምልክቶቹ አንጻር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዲፕስቲኩ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ካዩ ግን ዘይቱ እየተመታ መሆኑን ያሳያልና ሞተሩን ሳያስነሡ ወደ መቀነሱ ይሂዱ።

የጠዋትና የማታው ልዩነት ብቻውን ሊያስጨንቅዎት አይገባም። የሞተር ዘይት በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 0.7 በመቶ ያህል ይሰፋል። 3.7 ሊትር ዘይት ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 180 ሚሊ ሊትር ይጨምራል፤ ቀደም ሲል በጠቀስኩት ስፋት ይህ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በሌላ በኩል ሌሊቱን ያደረ መኪና ዘይቱን ሁሉ ወደ ቋቱ መልሷል፣ ከጉዞ የመጣ ግን ገና በየቧንቧውና በየግድግዳው ላይ የያዘው አለ። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይካካሳሉ፣ አንዳንድ ጊዜ አይካካሱም። መፍትሔው አንዱን ሁኔታ መርጦ ሁልጊዜ በዚያው መለካት ነው፤ እኔ ሞቆ 5 ደቂቃ ያረፈውን እመርጣለሁ። ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ካለ ግን ምክንያት አለውና ይፈለግ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ዲፕስቲኩ እውነት ተናጋሪ መሆኑን ይገምታል። ዲፕስቲኩን ራሱን የምንፈትነው ግን በሌላ መንገድ ነው። አዲሱን ዘይት በንጹሕ ዕቃ ያፍስሱትና መጠኑን በመለኪያ ይመዝግቡ፤ ገና ሥራ ያልጀመረ ስለሆነ ተመልሶ ይገባል። አሮጌ የማፍሰሻ ቡሎን ወስደው ቶርኖ ቤት መሐሉን ያስበሱትና አጭር የናስ አፍ ያስበይዱበት። በዚህ አፍ ላይ ግንበኞች ለውኃ ልክ የሚጠቀሙበትን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ያጥልቁ፤ ቡሎኑን በማፍሰሻው ቦታ ያስሩ፤ የቱቦውን ጫፍ ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርገው ያስሩት፤ ከዚያ ዘይቱን መልሰው ይጨምሩ። ቱቦው ያልታጠፈ፣ ከውስጡ የአየር ፊኛ የሌለበት፣ ከላይ አፉ ክፍት የሆነ መሆን አለበት፤ የሞተሩ የዘይት መጨመሪያ ክዳንም ይከፈት። ግንበኛ ሁለት ግድግዳ እኩል መሆኑን በውኃ ቱቦ እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፣ በቱቦው ውስጥ የቆመው ዘይት በቋቱ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ከፍታ ይኖረዋል። ዘይት ከውኃ ይልቅ ዝግ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ ረጋ እስኪል ጥቂት ደቂቃ ይስጡት። ሞተሩ ግን በዚህ ሁኔታ በፍጹም አይነሣ፤ ቱቦው የተዘጋጀው ቆሞ ላለ ዘይት ብቻ ነው።

መነሻ ነጥብ አድርገው የሚወስዱት የክራንክ ሻፍቱን ፑሊ ነው። የፊት ቀኙን ጎማ አዙረው ሲመለከቱ ቺንጊያው የሚዞርበት ትልቁ የታችኛው ፑሊ ይታያል፤ የመሐል ቡሎኑ ልብ የክራንክ ሻፍቱ ልብ ነው። ቱቦውን ከፑሊው አጠገብ አምጥተው ዘይቱ ከቡሎኑ ልብ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደቆመ በማስመሪያ ይለኩ። ይህን ዘዴ የምወድደው ቋቱ የማንም ሥራ ቢሆን የማይለወጠውን ነገር ስለሚለካ ነው። አሁን ከዘይቱ እየቀነሱ ዲፕስቲኩ በትክክል የላይኛውን ምልክት ሲያነብብ ያቁሙና የቱቦውን ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ ያው 2ኤንዜድ ሞተርና የፋብሪካው ቋት ያለው የወዳጅ ቪትዝ ላይ ይህንኑ ይድገሙ፤ በከተማችን ቪትዝ ስለማይጠፋ ፈቃደኛ ሰው ማግኘት አይቸግርም፣ እርሳቸው ዘይት በሚቀይሩበት ቀን ከሆነ ደግሞ ምንም ትርፍ ሥራ የለውም። ሁለቱ ቁጥሮች በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ ከተቀራረቡ ዲፕስቲክዎ ደኅና ነው፤ የተለወጠው ቋቱ የሚይዘው መጠን ብቻ ነው። ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠ ዲፕስቲኩ ወይም የዲፕስቲኩ ቱቦ ያሳስታል፤ እንግዲያው ትክክለኛውን ከፍታ በፕላስቲክ ቱቦው ይዘው በዲፕስቲኩ ላይ በቀጭን ሞረድ አዲስ ምልክት ያብጁ። ቀለም አይቀቡበት፤ ተላጦ ወደ ዘይቱ ይገባል።

ዲፕስቲኩ ደኅና ሆኖ ከተገኘ የቀረው ጥያቄ በላይኛው ምልክት ላይ ስንት ሊትር ገባ የሚለው ነው። 3.4 ወይም 3.5 ሊትር ቢሆን በዚያው ሊሠሩበት ይችላሉ፤ ሆኖም ያነሰ ዘይት ቶሎ ስለሚቆሽሽና ይበልጥ ስለሚሞቅ የመቀየሪያውን ጊዜ ማሳጠርና መጠኑን ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ምልክት አስጠግቶ መያዝ ያስፈልጋል። ከ3.2 ሊትር በታች ከሆነ ግን ቋቱን ለሻጩ ይመልሱት እላለሁ። ግማሽ ሊትር የጎደለው ቋት በመጠን ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ በአብዛኛው ወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፣ ያ ደግሞ ወደ መምጠጫው ወንፊት ይወስደናል።

ወንፊቱ ከቋቱ ወለል ጋር የሚኖረው ክፍተት በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፓምፑ የሚስበው ዘይት ይታነቃል፤ ከሰፋ ደግሞ ከወንፊቱ በታች ያለው ዘይት ለሞተሩ የማይደርስ የሞተ ክምችት ይሆናል። አሮጌውን ቋት ካልጣሉት አውጥተው ከአፉ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ጥልቀት ድንጋይ ባልነካው ቦታ ላይ ይለኩ፤ አዲሱን ደግሞ እንደተገጠመ ከውጭ ይለኩ። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይለፉት። 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቋቱ ወርዶ መታየት አለበት። ሲወርድ ፕላስቲሊን ወይም በፌስታል የተጠቀለለ ጠንከር ያለ ሊጥ በወንፊቱ አፍ ትይዩ ወለሉ ላይ ያኑሩ፣ ቋቱን ያለ ሲሊኮን በቦታው ይግጠሙትና መልሰው ያውርዱት፤ የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ክፍተቱን ይነግርዎታል። የፋብሪካው ቋት ውስጥ ዘይቱ እንዳይዋዥቅ የተበየደ ቆርቆሮ ካለ በአዲሱም መኖሩን በዚያው ይዩ፤ ርካሽ ሥሪቶች ላይ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ቆርቆሮ ነው። ሲመለስ አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ ይጽዳ፤ አዲሱ በትንሹ ይቀባ፤ ሲታሰር ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ፍርፋሪ ወንፊቱን ይደፍናልና። በሲሊኮኑ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳይሞላም ዘይት አይጨመርበት።

ዘይት መቀነስ ሲያስፈልግ የማፍሰሻውን ቡሎን ከመፍታት በዲፕስቲኩ ቱቦ ቀጭን ላስቲክ አስገብቶ በትልቅ ስሪንጅ መሳብ ይቀላል፤ ስንት እንደወጣም ወዲያው ይታወቃል። ያገለገለው ዘይት ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ታሽጎ ወደ ጋራዡ የቆሻሻ ዘይት በርሜል ይሂድ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ የከተማችን ጎርፍ በመጨረሻ የሚገባውም ወደ እርሱና ወደ ዓባይ ነው፤ በየቦዩ የሚደፋው ዘይት ከደንገሉ ሥር እንደሚጠራቀም በሐይቁ ዳር የሚመላለስ ሁሉ ያየዋል። ይህን በየዕለቱ የምንሠራው እኛ የጋራዥ ሰዎች ነንና ኃላፊነቱም የእኛ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት። በማግሥቱ ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡና ሲወርዱ ፍሬን ላይ እያሉ የዘይቱን መብራት ይከታተሉ። መብራቱ ብልጭ ካለ፣ ለቅጽበትም ቢሆን፣ ወንፊቱ አየር እየሳበ ነው፤ ይህ መብራት የሚበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ስለሆነ «አንዴ ብቻ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ጥርጣሬ ካለ የመብራቱን ስዊች ፈትቶ በቦታው የግፊት ጌጅ ማሰር ለማንኛውም ጋራዥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ ይለኩ፤ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ እያለ ከሄደ ቤንዚን ወይም የራዲያተር ውኃ እየገባበት ነውና ከመቀነሱ ይልቅ ይህ በፍጥነት ይታይ።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ የዓባይ በረሃን ሳይፈተን በቀረ ቋት አይውረዱት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ረጅም ቁልቁለትና ዳገት ዘይቱን ለብዙ ደቂቃ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያቆየዋል፤ ሞተሩም በዚያው ሰዓት ከምንጊዜውም በላይ ይሞቃል። ደጀን ላይ ሜዳ ቦታ መርጠው ያቁሙ፣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይለኩ፤ ንባቡ ከሁለቱ ምልክቶች መሐል በላይ ካልሆነ እዚያው ይሙሉ።